«ወፍ የለም» ላለማለት፦ በመናገሻ ሱባ ደን መንገዶች በቡድን ወፍ የማየት ዝርዝር መመሪያ

የአዲስ አበባ ሰው የፈለገውን ነገር ባጣ ጊዜ «ወፍ የለም» ይላል። አባባሉን በቀጥታ ትርጉሙ የሚሉት ግን ሌሊት ተነሥተው፣ መኪና ተከራይተው፣ ጥንታዊ ደን ውስጥ ሦስት ሰዓት ሲዞሩ ቆይተው ከአንድ ቁራ በቀር ምንም ሳያዩ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። እኔም አንዱ ነበርኩ። የመጀመሪያውን የቡድን ጉዞ ሳዘጋጅ ሃያ ሦስት ሰው በሁለት ሚኒባስ ጭኜ ሄድኩ፤ የመኪናው በር ተራ በተራ ተዘጋ፣ ሁሉም እየተጨዋወተ ሰፊውን መንገድ ይዞ ወደ ላይ ወጣ፣ ደኑም ከፊታችን እየቀደመ ጸጥ አለ። ወፎቹ እዚያው ነበሩ፤ ጥፋቱ የአካሄዳችን ነበር። ይህ መመሪያ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሳስተካክለው የቆየሁትን አካሄድ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ሲሆን የተጻፈውም ጥቂት ወዳጆቹን አሰባስቦ አንድ ሙሉ ቀን በጫካ መንገድ ማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ቀኑን መምረጥ

በእኛ አቆጣጠር መፀው የሚገባው መስከረም 26 ቀን ነው። ለዚህ ጉዞ የምመርጠው ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሲሆን ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው። ዝናቡ አቁሞ የጫካው ጥርጊያ መንገድ መጠንከር ይጀምራል። ብዙ ወንድ ወፎች በክረምቱ የለበሱትን የመራቢያ ላባ ገና አላወለቁም። ከአውሮፓና ከእስያ የዚያን አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ስደተኛ ወፎች ደግሞ በዚሁ ሰሞን በብዛት ይገባሉ። ከዚህ ቀደም ብለው ከሄዱ ጭቃው ያስቀራል፤ በጣም ከዘገዩ ደግሞ ያ ሁሉ ጌጠኛ ላባ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜ ይሻላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ሰው መንገዱን ስለሚሞላው፣ ከቡድኑም ቅዳሴ የሚቀርበት ስለሚኖር ነው። ወቅቱ ዘመነ ጽጌ መሆኑንም አይርሱ፤ የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ ስላሉ የምሳውን ነገር ሲያስቡ ሽሮውንና የጾም በያይነቱን አስቀድመው ይቁጠሩ።

ቦታው

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ የተንጣለለ ደን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከጫፉ አጠገብ ደግሞ አስታ ይበዛበታል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሸዋው ወፍ ዋሻ ደን ዘር መጥቶ እንደተተከለ ይነገራል። ወፍ የሚታይበት ደን ዘሩ ወፍ ዋሻ ከሚባል ቦታ መምጣቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ለቡድኑም መኪና ውስጥ ሳለን የምነግረው የመጀመሪያ ወሬ ይኸው ነው።

ከጉዞው በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። ደኑ በኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ሥር የሚተዳደር በመሆኑ የመግቢያውን ፈቃድና ክፍያ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የደን ጠባቂ አብሮ እንዲሄድ ማድረግም ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለወፍም ይጠቅማል፤ የትኛው ዛፍ ሲያፈራ ማን እንደሚሰበሰብበት የሚያውቀው እሱ ነውና። ሁለተኛው የአካባቢው ጸጥታ ነው። በጉዞው ሳምንት ከአካባቢው አስተዳደር ወይም እዚያ ከሚኖር ሰው የሰሙትን እንጂ ያለፈውን ዓመት ተሞክሮ ይዘው አይነሡ። ጥርጣሬ ካለ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወይም እንጦጦ በቂ ተለዋጭ ነው፤ ከዚህ በታች ከሚጠቀሱት ወፎች ብዙዎቹን እዚያም ማግኘት ይቻላል።

ቡድኑን ማደራጀት

ከአሥር ሰው አይለፉ። ጠባብ የጫካ መንገድ ላይ አሥራ አንደኛው ሰው የፊተኛው ያየውን ወፍ አያይም፤ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ሰው ከበዛ ለሁለት ተከፍሎ በተለያየ መንገድ መሄድና በምሳ መገናኘት ይሻላል፤ የሁለቱ ቡድን ዝርዝር ሲነጻጸር የሚፈጠረው ፉክክርም ለምሳው ጨዋታ ይሆናል።

ለሦስት ሰው ሥራ ይስጡ። አንዱ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይወስናል፤ ማንም አይቀድመውም። ሌላው ከኋላ ሆኖ የሚቀር እንዳይኖር ይጠብቃል። ሦስተኛው መዝጋቢ ነው፤ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይይዛል (እስክርቢቶ ጤዛ በነካው ወረቀት ላይ አይጽፍም)። የፊተኛው ሰው ከሁሉ የበለጠ ወፍ የሚያውቀው መሆን የለበትም፤ ከሁሉ የበለጠ ዝም ማለት የሚችለው ይሁን። ወፍ ዐዋቂውን መሐል ላይ ቢያደርጉት ከሁለቱም ጫፍ ጥያቄ ይደርሰዋል።

ልብስ ጭቃ ወይም ቅጠል የሚመስል ቀለም ይሁን። ነጭ ጋቢ ለጥቅምት ብርድ ደግ ቢሆንም ከጥድ ጥላ ሥር እንደ ፋኖስ ያበራል፤ ስለዚህ መኪና ውስጥ ይቆይ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም በከንቱ አይደለም፤ ጎሕ ሲቀድ ብርዱ እጅን ስለሚያደነዝዝና የደነዘዘ እጅ ባይኖኩላር ስለማያስተካክል ጓንት አይናቅም። እየተንኮሻኮሸ የሚጮኽ የላስቲክ ጃኬት ግን ከነጭ ልብስ ይብሳል።

ባይኖኩላር ከሌሊቱ በፊት

ባይኖኩላር ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 8 በ42፣ የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይናገራሉ። ለደን 8 በ42 ከሁሉ ይመቻል። አሥርና አሥራ ሁለት እጥፍ የሚያቀርበው ይበልጥ የሚያጓጓ ቢመስልም የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚያጎላና የሚታየውን ስፋት ስለሚያጠብብ፣ ከቅጠል ወደ ቅጠል የምትዘል ትንሽ ወፍ ተፈልጋ ሳትገኝ ትሄዳለች። ለሁለት ሰው አንድ ባይኖኩላር በቂ ነው፤ ባዶ እጁን የሆነው ሰው ብዙ ጊዜ ወፉን ቀድሞ ያያል።

ማስተካከሉን ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ቤት ውስጥ ይጨርሱ። በመጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች አጥፈው ለዓይንዎ ርቀት ያስማሙና አንድ ክብ ብቻ እስኪታይዎ ድረስ ያስተካክሉ። ቀጥሎ ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው፣ መሐል ላይ ያለውን መዘውር እያዞሩ ሩቅ ያለ ጽሑፍ በግራ ዓይንዎ ጥርት እንዲል ያድርጉ። ከዚያ ግራውን ጨፍነው፣ መሐለኛውን ሳይነኩ፣ የቀኙን መመልከቻ ቀለበት ብቻ እያዞሩ ያንኑ ጽሑፍ ያጥሩ። ከዚህ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚነኩት መሐለኛውን መዘውር ብቻ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው የዓይን ማስደገፊያውን ጎማ ወደ ታች ይጫነው።

ትልቁ ልምምድ ግን ሌላ ነው፦ ወፉን በባዶ ዓይን ካዩ በኋላ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ማምጣት። ጀማሪ የሚያደርገው ባይኖኩላሩን ለመያዝ ወደ ታች ማየት ነው፤ ቀና ሲል ዛፉም ጠፍቶታል። ከግቢዎ ሆነው የመብራት ምሰሶ ላይ ባረፈ ጭልፊት ሃያ ጊዜ ቢለማመዱት ጫካ ውስጥ አይቸገሩም።

መንገዱ ላይ

ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ፤ ጎሕ ሲቀድ ደን አፍ ላይ ለመድረስ ነው። አስፋልቱን ትተው የጠጠሩን መንገድ ሲይዙ መቸኮሉ ይብቃ፤ የማሳው ዳር ራሱ የቀኑ የመጀመሪያ ገጽ ነው። ጤፉና ገብሱ ዳር፣ አጥር ላይ፣ ረጅም ሣር ላይ የመስቀል ወፍ ትታያለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል ሰው «የመስቀል ወፍ» ይባላል፤ ሰው በየአካባቢው በዚህ ስም የሚጠራው ወፍም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቆሙት ግን በመራቢያ ወቅት ላባቸውን የሚለውጡት ወንዶች ናቸው፦ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነው፣ ወይም ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ቀይ ምንቃር ይዞ፣ ከአካሉ የሚረዝም ቀጭን ጅራት እየጎተተ ሴቶች ፊት የሚንሳፈፈው። እነዚህ ወፎች ከየትም አይመጡም፤ የትም አይሄዱም። በቀረው ጊዜ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆነው በዚያው ማሳ ከመንጋ ጋር ስለሚለቅሙ ማንም አይለያቸውም። ባለ ረጅም ጅራቱ ደግሞ ሌላም ጉድ አለው፤ ሴቲቱ ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን በሌሎች ትናንሽ ወፎች ጎጆ ጥላ ታስፈለፍላለች። ቡድኑ እዚህ ሃያ ደቂቃ ቢቆም አላባከነም፤ ወፉ ግልጽ ቦታ ላይ ስለሆነ ጀማሪዎች ባይኖኩላራቸውን የሚፈትኑበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኙም።

በዚህ ሰዓት ገበሬው ወደ ማሳው ይወጣል፣ ልጆችም ከብት ይነዳሉ። አሥር ከተሜ መንገድ ዳር ቆሞ በባይኖኩላር የሰው ማሳ ሲያይ ጥርጣሬ ቢፈጥር አይገርምም። ስለዚህ ባይኖኩላሩን ወደ ታች ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ» (እንዴት አደራችሁ) ብለው ይቀድሙ፤ የመጡበትን ይናገሩ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ ያሳዩአቸው። ባለፈው ዓመት ሙሉ ጠዋት ስንፈልገው የነበረውን በቀቀን የማደሪያ ዛፍ ያሳየን በዚህ መንገድ የተዋወቅነው የዘጠኝ ዓመት እረኛ ነው።

ደን ውስጥ፦ መቆም፣ መስማት፣ መናገር

ከደኑ አፍ ላይ መኪናውን አቁመው በሩን ሳያላትሙ ገፋ አድርገው ይዝጉ፤ ስልኮች ድምፅ አልባ ይሁኑ። ከዚያ ምንም ሳያደርጉ አምስት ደቂቃ ይቁሙ። ይህ ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው እርምጃ ስለሆነ የፊተኛው ሰው ሰዓት ይያዝ። ደኑ ሰው ሲገባ ዝም ይላል፤ ሰው ሲቆም ወሬውን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው አካሄድ ሁሉ ይህንኑ መደጋገም ነው፦ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዶ መቆም፣ ሁለትና ሦስት ደቂቃ መስማት፣ እንደገና መሄድ። በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄዱ ፈጥነዋል።

መቆሚያውን መምረጥም ጥበብ አለው። መንገዱ የሚታጠፍበት፣ ወንዝ የሚያቋርጥበት፣ ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበት የዛፍ ጫፍ፣ ፍሬ የተሸከመ ዛፍ፦ ወፍ የሚሰበሰበው እዚህ ነው። የጫካ መንገድ ከጫካው መሐል ይልቅ የሚመረጠውም ብርሃን ስለሚያስገባና ሁለት ዳር ስላለው ነው። ፀሐይን ከኋላዎ ያድርጉ፤ ወደ ፀሐይ ካዩ ወፉ ሁሉ ጥቁር ነው።

አንዱ ወፍ ሲያይ ለሌላው የሚናገርበት ዘዴ አስቀድሞ ካልተስማማችሁበት «ያ! ያ!» ከማለት አያልፍም። እጅን ዘርግቶ መጠቆም ወፉን ያባርራል፣ የተጠቆመውም አይገባም። የሚሠራው ከትልቁ ወደ ትንሹ መናገር ነው፦ «ከመንገዱ ግራ፣ ከደረቀው ዝግባ ቀጥሎ ያለው ጥድ፣ ከላይ ሦስተኛው ቅርንጫፍ፣ ከግንዱ አጠገብ።» ዛፉን እንደ ሰዓት ፊት ቆጥሮ ጫፉን 12፣ ሥሩን 6 ማለትም ይቻላል፤ ግን የእኛ ሰው የፈረንጅ ሰዓት አስሮ በሐበሻ ስለሚያነብ፣ 3 ሲባል ወደ ቀኝ የሚያየውና ወደ ግራ የሚያየው እንዳይለያይ ጠዋቱኑ ተነጋገሩ። ሳቅ የሚፈጥር ጉዳይ ቢመስልም አንድ ጊዜ ግማሹን ቡድን ወፍ አሳጥቶናል።

ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። የወፍ ድምፅ የሚለዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው መርሊን ይታወቃል። እኔ የምጠቀምበት ወዴት ልመልከት ለማለት እንጂ ለመመስከር አይደለም። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» የተባለው እውነት ነው፤ አንድ ዓይነት ወፍ ከአገር አገር ድምፁን ይለዋውጣል። ስለዚህ መተግበሪያው ስም ቢሰጥም ወፉ በዓይን እስኪረጋገጥ ወይም ድምፁን በደንብ የሚያውቅ ሰው እስኪስማማ ድረስ መዝገቡ ላይ የጥያቄ ምልክት ይደረግበት። ወፉን ለመጥራት የራሱን ድምፅ በስልክ ማሰማት ግን ተዉት፤ ክልሌ ተደፈረ ብሎ ጎጆውን ወይም ምግቡን ትቶ ይመጣል፣ በየሳምንቱ ቡድን የሚመላለስበት መንገድ ላይ ደግሞ ድካሙ ይደራረባል።

ማንን እንፈልግ

ለብዙዎቹ የደን ወፎች ሁሉም የሚስማማበት የአማርኛ ስም ስለሌለ በመልካቸው ልግለጻቸው፤ ቡድኑም የራሱን መጠሪያ ቢያወጣ ነውር አይደለም።

ገና ሳይነጋ ከሰማይ የሚሰማው ጎርናና፣ የሚንጫጫ ድምፅ ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው፣ ከአንገታቸው ሥር ትንሽ ቁራጭ ሥጋ የተንጠለጠለባቸው ጥቁር ወፎች ናቸው፤ ሲበሩ ትከሻቸው ላይ ነጭ ይታያል። የሚገኙት በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። እንዲሁ በአካባቢያችን ብቻ የሚኖረው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፤ ሰው ቁራ ነው ብሎ ስለሚንቀው እንጂ ከሩቅ አገር የሚመጣ ወፍ ተመልካች ለእሱ ሲል ያንጋጥጣል።

የጠዋቱ ንጉሥ ቱራኮ ነው። አረንጓዴ አካል፣ ጥቁር ሰማያዊ ጉትዬ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ እንደ ሽኮኮ ቅርንጫፍ ላይ ይሮጣል። ተቀምጦ ሳለ ከቅጠሉ አይለይም፤ ሲበር ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ሲሆን ከቱራኮዎች ወገን በቀር በሌላ ወፍ አይገኝም። ጎርናና ድምፁን ሲሰሙ ወደ ድምፁ አይሂዱ፤ ፊት ለፊት ያለውን ክፍት ቦታ ይጠብቁ፤ ሲሻገር ያዩታል።

በቀቀን ሁለት ዓይነት አለ። ትንንሾቹ፣ ሲበሩ ቀጭን ድምፅ እያሰሙ እንደ ተወረወረ ድንጋይ የሚያልፉት ናቸው፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ትልቁ ራሱ ቢጫ የሆነው በቀቀን ሲሆን የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። እሱን ለማየት ብቸኛው አስተማማኝ ጊዜ ከማደሪያው የሚወጣበት ማለዳ ነው።

ግንደ ቆርቁር በድምፅ ይገኛል፤ ዝም ባለ ጠዋት ለስለስ ያለ የመምታት ድምፅ ከደረቀ ቅርንጫፍ ይሰማል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው ግንደ ቆርቁር ትንሽ ነው፤ ጀርባው ወርቃማ አረንጓዴ፣ ደረቱ በጥቁር የተሰመረ ነው፤ ሳይታይ የሚቀርበት ዓመት ከሚታይበት ይበዛል። ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ሆነው እየተቀባበሉ ውኃ እንደሚንቆረቆር የሚዘምሩት ደግሞ ግራጫ ሆነው ግንባራቸው ነጭ፣ ከጅራታቸው ሥር ቀላ ያሉ ወፎች ናቸው። ራሱ ጥቁር፣ አካሉ ቢጫ የሆነው፣ ዋሽንት የመሰለ ድምፅ ያለው ከዛፍ ጫፍ ይፈለግ።

ወደ ላይ ሲያዩ ጉሬዛ፣ ወደ ታች ሲያዩ ድኩላ ቢያጋጥም ቆጠራው ውስጥ ባይገባም ይቆምለታል።

ከረፋድ በኋላ

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጫካው ዝም ይላል፤ ተስፋ አይቁረጡ፣ ዓይንዎን ወደ ሰማይ ያንሡ። መሬቱ ሲሞቅ የሚነሣው አየር ትላልቆቹን ያወጣል፤ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ ቀይ ቡናማ የሆነው ጭልፊት መሰል አዳኝ የተለመደ ነው፤ ከጫፉ አካባቢ አጥንት ከከፍታ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ትልቅ አሞራ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ሥራ ግልጽ ቦታ ላይ ቁጭ ማለት ስለሚበቃ ምሳውን እዚሁ ያድርጉት። ቡና ማፍላት ካማራችሁ በጋዝ ምድጃ ይሁን፤ ደን ውስጥ እሳት አይነድም። ፍርፋሪም አይበተን፤ ቁራው በልቶ ሲለምድ የትናንሽ ወፎችን ጎጆ ደጋግሞ መጎብኘት ይጀምራል።

ከምሳ በኋላ መዝጋቢው ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ለእያንዳንዱ ወፍ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ብዛቱና በዓይን ወይም በጆሮ መለየቱ ይጻፍ። አንድ ሰው ብቻ ያየው ካለ ምን እንዳየ ይጠየቅ፤ የሚፈለገው የወፉ ስም ሳይሆን የምንቃሩ ቅርጽ፣ የክንፉ ምልክት፣ ያደርግ የነበረው ነው። «ቡናማ፣ ትንሽ፣ አልታወቀም» ተብሎ መጻፍ ክብር አይቀንስም። ስም ተፈልጎ የሚለጠፍበት ወፍ ግን ዝርዝሩን ሁሉ ያበላሻል። የተጣራው ዝርዝር ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ቢመዘገብ ከሌሎች ጊዜያት ጋር ሊነጻጸር ይችላል፤ የጎጆ ትክክለኛ ቦታ ግን አይጻፍ፣ ፎቶውም ባይነሣ ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ወደ መኪናው ይመለሱ፤ መንገዱ በጨለማ ስለሚከብድ ነው። ከመለያየታችሁ በፊት ግን ሌላ ቀን ይቁረጡ፦ ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ በዚያው በጠዋቱ ማሳ ዳር። ከቡናማዎቹ መንጋ ውስጥ የመስቀል ወፏ የትኛዋ እንደሆነች ያን ጊዜ ይፈልጓት፤ በጥቅምት ምንቃሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው ያገኛታል።